ስምንተኛው መጽሐፍ እንዳያልቅ

መጋረጃ ሰፊዋ መቀሱን አስጠግታ ክሩን ልትቆርጥ ስትል እጇ ቀጥ አለ።

ያልተነበቡትን የመጽሐፉን ገጾች ጠርዛቸው ላይ የዘጋው ክር ያው የትናንቱ ነጭ ክር ነበር። መርፌው የገባባቸው ቀዳዳዎችም፣ ቢያንስ ከላይ በኩል ያሉት፣ የትናንቶቹ ናቸው። ወደ ታች ሲወረድ ግን በቀዳዳዎቹ መሀል አዳዲስ ቀዳዳዎች ተጨምረዋል፤ ስፌቱም እየደቀቀ፣ እየጠበቀ ሄዶ መጨረሻው ላይ ያለ ቋጠሮ አልቋል። ክሩ በራሱ ላይ ተመላልሶ ቀርቷል። እሷ ለመጽሐፍ ይህን ያህል አትጨነቅም። ትናንት አመሻሽ ላይ እንደ ነገሩ ሰፍታ፣ ቋጥራ ነበር የተወችው።

አንድ ሰው ክሩን ተርትሮ፣ አንብቦ፣ መልሶ ሰፍቶታል ማለት ነው።

መጋረጃ ሰፊዋ መጽሐፉን ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች። በብርሃን ስታየው ነገሩ ባሰ እንጂ አልተሻለም። ቋጠሮ የማይወድ እጅ በዚህ ቤት ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ የአማቷ እጅ። አማትየው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሕፃናት ልብስ ሲሰፉ ኖረው "ቋጠሮ የልጅ ገላ ይቆረቁራል" ማለት ስለለመዱ፣ ዛሬ የሆቴል መጋረጃ ሲቀመቅሙ እንኳ አይቋጥሩም። ክሩን በራሱ ላይ መላልሰው ይተዉታል። ሰፊዋ ይህን ስፌት ለመልመድ ብዙ ሞክራ እጅ ሰጥታለች።

መጽሐፍ ነው፤ ቀድመው ቢያነቡት ምን ይመጣል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እንዲህ የሚል ሰው ስለ አዋላጇና ስለ ባለሚዛኗ ያልሰማ መሆን አለበት።

ነገሩ የጀመረው አንዲት ደንበኛ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ካውያው አጠገብ ረስታ የሄደች ዕለት ነው። አማትየው መጋረጃ ላይ ቀለበት ይተክሉ ነበር፤ ሲደክማቸው መጽሐፉን አንስተው አንድ ገጽ ጮክ ብለው አነበቡ። የስፌት መኪናው ቆመ። "ከዚያስ?" አለች ሰፊዋ። ደንበኛዋ ተመልሳ ስትመጣ የሁለቱ ፊት ላይ ምን እንዳየች እንጃ፣ መጽሐፉን ትታላቸው "ሁለተኛም ሦስተኛም አለው እኮ!" ብላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ መኪናው ሲጮህ መጽሐፉ ዝም ይላል፤ የእጅ ሥራ ሲደርስ መኪናው ዝም ይልና አማትየው ያነባሉ። ሰፊዋም ድሮ በመኪና የምትጨርሰውን ቅምቅማት ሁሉ "በእጅ ሲሆን ያምራል" እያለች ወደ እጅ ሥራ አዛወረችው። ደንበኞቿ በጥራቱ ይደነቃሉ። እሷም አታስተባብልም።

ታሪኮቹ የጥንት ዘመን የወንጀል ምርመራዎች ናቸው። በግንብ የታጠረች፣ በሮቿ ሲመሽ የሚዘጉ አንዲት የወደብ ከተማ አለች። እዚያ ሰው በተገደለ ቁጥር ዳኞቹ የማይመለከተውን ሰው ያስራሉ፤ ሁለት ሴቶች ደግሞ ትክክለኛውን ያገኛሉ። አዋላጇ ወፍራም፣ ቁጡና ወሬኛ ናት፤ ምጥ የማይገባበት ቤት ስለሌለ እሷም የማትገባበት ቤት የለም። ባለሚዛኗ በጉምሩኩ በር የነጋዴ ሸክም የምትመዝን ቁጥብ መበለት ናት፤ የሰውንም ቃል እንደ ሸክሙ መዝና ነው የምትቀበለው። በየገጹ ይጨቃጨቃሉ፤ በየመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንዷ የሌላዋን ሕይወት ታተርፋለች። አማትየው የአዋላጇ ወገን ናቸው፤ ሰፊዋ የባለሚዛኗ። በዚህ የተነሳ ተኳርፈው ምሳ የበሉበት ቀን ሁሉ አለ።

ገጾቹን መስፋት የመጣው በሦስተኛው መጽሐፍ ነው። ያኔ ሁለቱም ተደብቀው፣ በየፊናቸው፣ መጨረሻውን አይተው ነበር። ገዳዩ የሚያዝበት ምዕራፍ ሲደርስ አማትየው "አሃ!" ብለው ጭናቸውን መቱ፤ ሰፊዋ "ኧረ በስማም!" አለች። ከዚያ ተያዩ። ሳቁ ሲያልፍላቸው "እኛን ማመን አይቻልም" ተባባሉና፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያልተነበበው ገጽ ሁሉ ሥራ ሲያበቃ እየተሰፋ ጠዋት እየተቆረጠ ይነበብ ጀመር።

ስምንተኛው መጽሐፍ ግን ከሌሎቹ ይለያል። ታሪኩ ጥሩ ነው፤ የጉምሩኩ ሹም ከውስጥ በተቀረቀረ የጨው መጋዘን ውስጥ ሞቶ ተገኝቷል፤ ሰፊዋ ሻማ ሠሪውን ጠርጥራለች፤ አማትየው የዳኛውን ወንድም። ጭንቁ ሌላ ነው። የአማትየው ሴት ልጅ በሌላ ከተማ መድኃኒት ቤት አላት። ቤት ሠርታ፣ ለእናቷ ፀሐይ የሚገባበት ክፍል አዘጋጅታ "መቼ ነው ጠቅልለሽ የምትመጪው?" እያለች በየቀኑ ትደውላለች። የእናትየው መልስ አንድ ነው፤ "ይቺን መጽሐፍ ልጨርስና እነግርሻለሁ።" ልጅቱ ለሰፊዋም ደውላ "አንቺስ ምን ትያለሽ?" ብላት ነበር። የሰፊዋ ሆድ "እንዳትወስጂብኝ" እያለ አፏ "እንደፈቀዱ ነው፤ እኔ ምን እላለሁ?" አለ። ይሉኝታ ያዛት፤ እናትን ከልጇ ማን ይከለክላል? አማትየው አጠገቧ ቁጭ ብለው ይሰሙ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ የሰፊዋ ክር መበጠስ አበዛ። አንድ አንቀጽ ሲነበብ ክር ይበጠሳል፣ መርፌ ይጠፋል፣ ካውያው ሊያቃጥል ነው ተብሎ ይሮጣል። በቀን አንድ ገጽ ከተነበበ ብዙ ነው። መጽሐፉ ካላለቀ አማቷ አይሄዱም፤ ይህን ሂሳብ ለማንም አልተናገረችም።

አሁን ግን አማቷ ተደብቀው ቀድመው አንብበዋል። ለመሄድ ቸኩለዋል ማለት ነው። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"ምነው ደርቀሽ ቀረሽ?" አማትየው መነጽራቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ እየወለወሉ ገቡ። "ነይ ክፈቺውና ያንን ሻማ ሠሪሽን እናስቀፍድደው።"

"እማማ፣ ይሄን ስፌት ያውቁታል?"

አማትየው መነጽራቸውን አድርገው መጽሐፉን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት። በጣታቸው ዳሰስ አደረጉት።

"የኔ ነው" አሉ።

"የርስዎ ነው?"

"እጁ የኔ ነው። የሰፋሁት ግን እኔ አይደለሁም።"

"ታዲያ ማን ሊሆን ነው እማማ? እኔ እንደሆንኩ እንዲህ መስፋት አልችልም። ማንበብ ከፈለጉ ያንብቡ፤ የርስዎም መጽሐፍ ነው። ለመሄድ ከቸኮሉ ደግሞ..." መቀሱን አስቀመጠች። "ከቸኮሉ ደግሞ ማን ይይዝዎታል?"

አማትየው መጽሐፉን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። "እኔ ነኝ የቸኮልኩት?" አሉ።

ሁለቱም በየቦታቸው ተቀምጠው በየፊናቸው ሥራ አነሱ። ሰፊዋ መኪናውን አስነስታ እግሯን ጫነችው፤ መኪናው እንደዚያ ቀን ጮኾ አያውቅም። የምትሰፋውን ግን አላየችም። ክር ሲያልቅባት ሌላ ልታመጣ ብድግ ስትል ያ ሁሉ መጋረጃ ተከትሏት ብድግ አለ። ከገዛ ቀሚሷ ጋር ሰፍታው ነበር።

አማትየው መሳቅ አልፈለጉም። ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ አልሆነላቸውም። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይታ እሷም በሳቅ ፈነዳች።

"ነይ ወዲህ" አሉ፣ የሳቅ እንባቸውን እየጠረጉ፣ መጋረጃውን ከቀሚሷ ላይ እየተረተሩ። "በዚህ ዕድሜዬ ሌባ ተብዬማ አልቀርም። እንደ ወጉ መርምረን እንጨርሰው። ያቺ ያንቺ ባለሚዛን ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?"

"ዝም ብላ ዕቃውን ታያለች።"

"አዋላጇስ?"

"ትጮሃለች።"

"ከጮኸች በኋላ!"

ሰፊዋ አሰብ አደረገች። "'ይህን ማን አስተማረው?' ትላለች። ሕፃኑን አይታ አባቱን የምታውቅ ሴት አይደለች?"

"በይ እንግዲህ። ይህን ስፌት ለማን ለማን ነው ያስተማርኩት?"

"ለኔ። አልገባኝም።"

"ለሴት ልጄ። እሷ ቁልፍ ሲበጠስባት አዲስ ሸሚዝ የምትገዛ ናት፤ ደግሞም እዚህ የለችም። ሌላ..." አማትየው አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። "የጨርቅ ኳስ!" አሉ።

"ምን ኳስ?"

"ልጅ ሆኖ የሰፈሩ ኳስ በተቀደደ ቁጥር የሚሰፋው እሱ ነበር። ቋጠሮው እግራችንን ወጋን እያሉ ሲያስቸግሩት ይህን ስፌት አሳየሁት።"

"እሱ ማን?"

አማትየው በመርፌያቸው ወደ መሀል መጋረጃው ጠቆሙ።

ከመጋረጃው ጀርባ ሳሎኑ ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ ሶፋው አለ፤ ሶፋው ላይ የሰፊዋ ባል ተጋድሟል። የጭነት መኪና ሾፌር ነው። የመኪናው ሞተር ተበላሽቶ ጋራዥ ከገባ ወዲህ ቴሌቪዥን እያየ ይውላል፤ በመጋረጃው በኩል ብቅ ባለ ቁጥርም "እነዚያ ሴትዮዎች እስካሁን አልያዙትም?" እያለ ያሾፍባቸዋል። ሚስቱ መርፌ ይዞ አይታው አታውቅም። ከተጋቡ ጀምሮ የሸሚዙን ቁልፍ የምትተክለው እሷ ናት።

"አይሆንም" አለች በሹክሹክታ። ከዚያ ግን ጆሮዋን ወደ ሳሎኑ ጣል አደረገች። "እማማ፣ እኛ ማንበብ ስንጀምር እኮ ቴሌቪዥኑ ዝም ይላል።"

ተያዩ። ያ ሁሉ ኩርፊያ የት እንደገባ እንጃ፤ ሁለቱም ዓይናቸው አበራ።

"ዝም ብለሽ ተከተይኝ" አሉ አማትየው። ክሩን ቆርጠው መጽሐፉን ከፈቱ፤ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ድምጻቸውን ከወትሮው ከፍ አድርገው ጀመሩ። የሚያነቡት ነገር ግን መጽሐፉ ላይ አልነበረም።

"'ሻማ ሠሪው ከዳኛው እግር ሥር ተንበረከከ።'"

ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ ዝም አለ።

"'ሹሙን የገደልኩት እኔ ነኝ፣ ሲልም ተናዘዘ። አዋላጇ፣ እኔ ድሮም ፊቱ አላማረኝም ነበር፣ አለች።'"

"አላልኩም? አላልኩም?" ሰፊዋ ጮኸች። "ይስቀሉት!"

"'ጭፍሮቹም ገመድ ይዘው መጡ፤ ሻማ ሠሪውንም...'"

መጋረጃው ተገለጠ። "እንዴ! እንዴ! የት ላይ ነው እንደሱ የሚለው? ሰውየው እኮ ያን ዕለት ከተማው ውስጥም አልነበረም! ጀልባ ላይ ነበር!"

ሾፌሩ በካልሲው፣ ሪሞቱን እንደያዘ ቆሟል። የተናገረው ነገር ለራሱ ጆሮ የደረሰው ዘግይቶ ነው።

"ማለቴ" አለ፣ "በቴሌቪዥን ነው፣ እዚያ ድራማ ላይ..."

"ቴሌቪዥኑ ድምጽ የለውም" አለች ሚስቱ።

"እሱስ ልክ ነሽ።"

"ና ወዲህ" አሉት እናቱ። መርፌና ክር ዘረጉለት። "አስገባ።"

ሾፌሩ ሊያስመስል ሞከረ። ዓይኑን አጨናበሰ፣ መርፌውን አራቀ፣ አቀረበ። እናቱ ዝም ብለው አዩት። ተነፈሰና ክሩን አንዴም ሳያረጥበው፣ ወደ መርፌው እንኳ ሳያይ፣ በቀዳዳው ሰደደው።

የሚስቱ እጅ ወገቧ ላይ ወጣ። "የሸሚዝህን ቁልፍ ማነው የሚተክልልህ?"

"አንቺ።"

"ይሄን ሁሉ ዓመት!"

"ምን ላድርግ? መጀመሪያ ቀን ሳልጠይቅሽ ከእጄ ወስደሽ ተከልሽልኝ። አጠገቤ ሆነሽ፣ ክሩን በጥርስሽ ስትቆርጪ... ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልናገር?"

ሰፊዋ የምትቆጣበት ነገር ፈለገች፤ አላገኘችም። ፊቷ ቀላ።

ሾፌሩ ይህን ሲያይ ልብ አገኘ። "ደግሞም ጥፋቱ የናንተ ነው!" አለ። "ኧረ እንዴት ነው ሰው በቀን አንድ ገጽ የሚያነበው? አንቺ ክር ትበጥሻለሽ፤ ያንን መንጠቆ የማይበጥሰውን ክር! እማዬ ደግሞ 'የት ደርሼ ነበር?' እያልሽ ያነበብሽውን መልሰሽ ታነቢያለሽ። ያንን የጨው መጋዘን በር ለመክፈት ሳምንቱን ሙሉ ፈጃችሁ! በሩ ሲጢጥ ብሎ፣ አንድ ሰው ከውስጥ ሊያስነጥስ ሲል ሥራችንን እንጨርስ ብላችሁ ብድግ። እኔ ሶፋ ላይ ምን ልሁን? አልቻልኩም! እናንተ እራት ልታቀርቡ ስትገቡ ወሰድኩት።"

ሰፊዋ ቀና ብላ አማቷን አየቻቸው። ገጹን መልሰው ሲያነቡ እስካሁን ዓይናቸው የደከመ ነበር የመሰላት። አማትየው ደግሞ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ክር አነሱ፤ በሁለት እጃቸው ወጠር አድርገው ሳቡት። ክሩ ንቅንቅ አላለም።

"ይሄ ክር በራሱ አይደለም እንዴ የሚበጠሰው?" አሉ።

"አይደለም" አለች። "እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"መጽሐፉ እንዳያልቅ።" ከዚያ በኋላ ያለውን ለማለት ትንፋሽ ወሰደች። "እማማ፣ አይሂዱብኝ። ያን ዕለት 'እንደፈቀዱ' ያልኩት ይሉኝታ ይዞኝ ነው። ውሸቴን ነው። ጠዋት ስነሳ የርስዎን ሳል ካልሰማሁ ቀኑ አይጀምርልኝም። ልጅዎ የፈለገችውን ትበለኝ፤ አይሂዱብኝ።"

አማትየው መነጽራቸውን አወለቁ። የሚወለውሉበት የቀሚሳቸው ጫፍ አልገኝ አላቸው።

"አንቺ ልጅ" አሉ። "እኔ እኮ 'እንደፈቀዱ' ስትዪ ሰምቼ፣ በቃ ሰልችቻታለሁ አልኩ። ሂጂ እስክባል ለምን ልጠብቅ፣ በክብሬ ልውጣ አልኩ። ግን መውጣቱም አልሆነልኝ። አንዱን ገጽ ደግሜ ደጋግሜ ማንበብ ያዝኩ። አንድ ቀንማ ያለፈውን ሳምንት ሙሉ መልሼ አነበብኩልሽ፤ አላወቅሽም።"

"አውቄያለሁ" አለች ሰፊዋ። ስቃለችም፣ አልቅሳለችም። "እንዳይሰማዎት ብዬ ነው 'ኧረ?' እያልኩ የሰማሁት።"

አማትየው ስበው አቀፏት።

"እንግዲህ" አለ ሾፌሩ መርፌውን እንደያዘ፣ "እኔ ባላነብ ኖሮ..."

"አንተ ዝም በል!" አሉት ሁለቱም እኩል።

ስልክ ጮኸ። ባለ መድኃኒት ቤቷ ልጅ ናት። አማትየው ዓይናቸውን ጠርገው ስልኩን አነሱ።

"አቤት ልጄ። አዎ፣ ዛሬ ያልቃል።" ሰፊዋን በዓይናቸው እንደያዙ ቀጠሉ። "አልመጣም። ልጠይቅሽ እመጣለሁ፣ እሰነብትብሻለሁ፤ ኑሮዬ ግን እዚሁ ነው... የለም፣ ማንም አላሰረኝም። ለምናኝ ነው። አልቅሳ ነው የለመነችኝ!" ይህን ሲሉ አንገታቸው ቀና አለ። "ክፍሉንማ እንደዚያው ተዪው፤ ስንመጣ እናርፍበታለን። ስንመጣ ነዋ፣ እኔና እሷ።" ልጅቱ ከወዲያ በኩል ብዙ ተናገረች። መጀመሪያ ድምጿ የተከፋ ሰው ድምጽ ነበር፤ ኋላ ላይ ለዘብ አለ። አማትየው እየሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ በድንገት ቆጣ አሉ። "ሲያልቅ ገዳዩን ልንገርሽ? አልነግርሽም! ከአንደኛው ጀምረሽ አንብቢ!"

ስልኩን ዘግተው መጽሐፉን አነሱ። የቀረው አንድ ምዕራፍ ነው። እንደ ልማዳቸው ወደ መስኮቱ ወንበር ሄዱና ከመቀመጣቸው በፊት ቆም አሉ። መጽሐፉን ለልጃቸው ዘረጉለት።

"ጥፋተኛ ቅጣቱን ይቀበላል" አሉ። "አንብብ። እኔ ይሄን ሁሉ መጽሐፍ ሳነብ አንድ ቀን እጄን አጣጥፌ ሰምቼ አላውቅም።"

"ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዙር" አለች ሚስቱ። "ገዳዩን በፊቱ ያሳብቅብናል።"

ሾፌሩ ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ሰጣቸው። ሁለቱ ሴቶች የመቁረጫ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የስፌት መኪናው ቆሟል፤ የሆቴሉ መጋረጃ ወለሉ ላይ ተከምሯል፤ ማንም አላየውም። ሾፌሩ ድምጹን አጎርንኖ ጀመረ። ሲያነብ ቀርፋፋ ነው፤ በዚያ ላይ ሥልጣኑ ደስ ብሎት በየነጥቡ ይቆማል፣ ይተነፍሳል፣ ያስላል።

"'ባለሚዛኗ መብራቱን ከፍ አደረገች'" አለ። ቆመ። "'ከጨው ከረጢቶቹ ጀርባም...'" እንደገና ቆመ። ገጹን በጣቶቹ መሀል ይዞ አመቻቸ፣ ሊገልጥ አለና ተወው። "ሻይ ይፈላ እንዴ?"

ሰፊዋ የቀሩትን ገጾች አየች። እጅግ ጥቂት ናቸው፤ አማቷ ትከሻዋን ተደግፈዋል።

"ፈጠን በል እንጂ!" አለችው።